ክርክር፦ የጎዳና ውሾችን መግደል ወይስ መከተብ?

አወያይ፦
ጥያቄው ይህ ነው። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ጎዳናዎች ላይ ውሾች በዝተዋል። በውሻ የተነከሱ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ። የማዘጋጃ ቤቱ በጀት ትንሽ ነው። ገንዘቡ ውሾቹን በመርዝ ለማስወገድ ይዋል ወይስ ለመከተብ? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው ሁላችሁም ስለምታውቁ በቀጥታ ወደ ዝርዝሩ ግቡ። አቋሙን የሚገልጽ ሰው ሥራው እንዴት እንደሚሠራም ይናገር።

ደንብ አስከባሪ፦
ማስወገዱን እደግፋለሁ። የተከተበ ውሻም ይናከሳል፤ መርፌው ቫይረሱን እንጂ ጥርሱን አያስቆምም። በማለዳ ለትምህርት የወጣ ልጅ ቄራ ወይም ቆሻሻ መጣያ ዳር ከሚያድር መንጋ ጋር ሲጋጠም የውሾቹ መከተብ ከመዘንጠል አያድነውም። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ያበደ ውሻ ሰው ከነከሰ በኋላ ክትባት እስኪገዛ፣ ሰው እስኪሠለጥን፣ ሰፈር ለሰፈር እስኪዞር ሳምንታት ያልፋሉ። መርዝ ግን በሁለት በሦስት ሌሊት ይጨርሳል። ደግሞስ ባለቤት የሌለውን ውሻ ለመርፌ ማን ይዞ ያቀርበዋል? የክትባት ደጋፊዎች ይህን መልሱልኝ።

የእንስሳት ሐኪም፦
ከመጨረሻው ልጀምር። ጎዳና ላይ የምናየው ውሻ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። አብዛኛው የሚያድርበት ግቢና የሚያበላው ሰው አለው፤ ስላልታሰረ ብቻ የጎዳና ይባላል። እንዲህ ያለውን ውሻ የቤቱ ልጅ በገመድ እየጎተተ ያመጣዋል። በየሰፈሩ ሰው በእግሩ በሚደርስበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ጣቢያ ይከፈታል፤ ቀደም ብሎ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል። አንድ ሰው ይመዘግባል፣ አንዱ 1 ሚሊ ሊትር ክትባት ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ሌላው የውሻውን ጀርባ ለከብት ምልክት በሚያገለግል ቀለም ያቀልማል። ለመያዝ ያስቸገረውን ከሰዓት በኋላ መረብ የያዘ ቡድን ይከተለዋል። መረቡን የሚይዙት ሰዎች ራሳቸው ቀድመው መከተብ አለባቸው።

በማግሥቱ ንጋት ላይ፣ ውሾቹ ሳይበታተኑ፣ ሁለት ሰዎች በተመረጡ መንገዶች እየሄዱ ቀለም ያለውንና የሌለውን ይቆጥራሉ። ቀለም ያለባቸው ውሾች ከአሥር ሰባት ካልሞሉ ወደዚያ ሰፈር መመለስ ነው። ይህ ቆጠራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ ግን ያለ ቆጠራ የተካሄደን ዘመቻ እንደ ተሠራ ሥራ አልቆጥረውም፤ ስንት ብልቃጥ እንዳለቀ እንጂ ስንት ውሻ እንደተጠበቀ አይነግረንም።

ለምን 70 በመቶ? አንድ ያበደ ውሻ ከመሞቱ በፊት በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከሁለት ላነሱ ውሾች ነው። ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ ከውሾቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት የተከላከሉ ከሆኑ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ችግሩ የጎዳና ውሻ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። 3,000 ውሾች ያሉባትን ከተማ እናስብ። 2,100ው ተከተቡ፤ በዓመት ውስጥ ከመቶ 40ው ሞተው በቡችሎች ተተኩ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀሩት የተከተቡ ውሾች 1,260 ናቸው፤ 42 በመቶ። እስከሚቀጥለው ዙር ያደርሳል። በ40 በመቶ የጀመረ ዘመቻ ግን በዓመቱ መጨረሻ 24 በመቶ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ በሽታው ሊመለስ ይችላል። ቡችሎችም ሦስት ወር አልሞላቸውም ተብሎ መመለስ የለባቸውም፤ በዘመቻ ጊዜ ሁሉም ይከተባል።

ወደ መርዙ ልምጣ። በሽታው የሚዛመተው በውሾች ብዛት ልክ አይደለም፤ ያበደ ውሻ ብዙ መንገድ ሄዶ ይናከሳል። ግማሹን ብትገድል የቀረው ምግብ ተትረፍርፎለት ቡችሎቹ በብዛት ይተርፋሉ፤ ከዳር ያሉት ወደ ባዶው ቦታ ይገባሉ፤ ውሻው የሞተበት ሰው ያልተከተበ ቡችላ ያመጣል። ቀድሞ የተከተበ ውሻ ከነበረም አብሮ ይሞታል። በኢንዶኔዥያዋ የፍሎረስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላ ደሴት በጀልባ በመጡ ውሾች ገባ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ፤ በሽታው ግን እዚያው ቀረ። ባሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባባት በመግደል ጀመረች፤ የወረደው ግን ከ2010 በኋላ መላ ደሴቱን ባዳረሰ ክትባት ነው፤ ሽፋኑ በኋላ ሲላላም ተመለሰ። ሜክሲኮ በተደጋጋሚ የክትባት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ አማካይነት ሰው ላይ ከሚደርስ የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋገጠላት።

ደንብ አስከባሪ፦
ዶክተር፣ ደሴት ሌላ ነው። ዙሪያዋን ገጠር የከበባት ከተማ ውስጥ በየሳምንቱ ያልተከተበ ውሻ ይገባል። ከዳር የሚገባው ውሻ የእኔን ሥራ ካበላሸ የእርስዎንስ አያበላሽም?

የእንስሳት ሐኪም፦
ያሳሳዋል፤ አልክድም። ልዩነቱ ግን አለ። የተከተበው ውሻ በሰፈሩ ይቆያል፣ የሚመጣውን ውሻ ይጋፋል፣ ቢነከስም አያብድም። የተገደለው ውሻ ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ስለዚህ ዘመቻው በከተማው ወሰን ላይ መቆም የለበትም፤ በየመውጫው መንገድ ያሉ መንደሮችን በዚያው ሳምንት ማካተት ነው። በጀቱ ለሁሉም ካልበቃ የከተማውን መሃል ከሁለት ዙር ወደ አንድ ዙር ቀንሼ ዳሩን እጨምራለሁ።

የጤና መኮንን፦
ሁለታችሁም ዛሬ የተነከሰውን ልጅ ረሳችሁት። ውሻው ላይ የተሰጠ ክትባት መከላከያ የሚያዳብረው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ መርዙም የነከሰውን ውሻ ምራቅ ከቁስሉ አያወጣም። በጀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሰው ክትባት መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ሕክምና ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ። አምስት አይደለም፤ 15። ቫይረሱ ሽፋኑ ቅባትነት ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል። ቁስል ላይ ቅጠልም፣ ቅባትም፣ በርበሬም አይደረግም። ሐኪሙም ቶሎ አይሰፋውም፤ መስፋት ግድ ከሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚያከሽፍ፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) ቁስሉ ውስጥ ከተወጋ በኋላ ላላ አድርጎ ነው።

ከዚያ መለየት አለ። ያልቆሰለ ቆዳ ላይ መላስ ክትባት አያስፈልገውም። ደም ያልወጣበት ጭረት ክትባት ይፈልጋል። ደም ያወጣ ንክሻ፣ ወይም ምራቅ ዓይንና አፍ ከገባ፣ ክትባትም ኢሚውኖግሎቡሊንም ይፈልጋል፤ መጠኑ ከሰው የተሠራው በኪሎ 20 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ከፈረስ የተሠራው 40 ነው። የሚሰጠው እዚያው ቁስሉ ዙሪያና ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ ከ7 ቀን በኋላ አይሰጥም፤ ሰውነት የራሱን መሥራት ጀምሯልና።

ቁጠባውም እዚህ ላይ ነው። በጡንቻ ሲሰጥ አራት ዶዝ፣ አራት ብልቃጥ ይሄዳል። በቆዳ ውስጥ ሲሰጥ 0.1 ሚሊ ሊትር በሁለት ቦታ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከእሱም 3 ቀንና 7 ቀን በኋላ ነው፤ በአጠቃላይ 0.6 ሚሊ ሊትር። የ1 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ በአንድ ቀን ለአምስት ሰው ይበቃል። የተከፈተ ብልቃጥ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ቢቀመጥም ከ6 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ይጣላል። በትንሽ ከተማ ሦስት ጤና ጣቢያ በየፊናው ለአንድ ለአንድ ሰው ሲከፍት ቁጠባው ይጠፋል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጣቢያ ይላክ። ብቻ የመጀመሪያውን መርፌ ሰው እስኪበዛ ብሎ የሚያስጠብቅ እንዳይኖር።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
የመርዝ ደጋፊዎች ያላነሱትን ወጪ ላንሳ። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለና ከታሰረ 10 ቀን ይታያል። በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ተነካሹ የጀመረውን ክትባት ማቋረጥ ይቻላል። (ክትባቱ ውጤቱን ሳይጠብቅ ይጀመራል፤ ይህ እንዳይምታታ።) መርዝ በተነዛ ማግሥት ግን የነከሰው ውሻ የትኛው እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ ሬሳው ተሰብስቦ ተቀብሯል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የተነከሰ ሰው ሁሉ ሙሉውን ሕክምና ይወስዳል። በመርዝ ተቆጠበ የተባለው ገንዘብ በጤና ጣቢያው በር ይወጣል።

ያበደ የተባለ ውሻ ሲገደልም ጭንቅላቱ አይመታ። የምንመረምረው አንጎሉን ነው፤ በጥይት ወይም በድንጋይ ከተፈረካከሰ ምርመራው አስተማማኝ አይሆንም። ጭንቅላቱ በሁለት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ በዚያው ቀን ይላክ። የሚቆርጠው ሰው የተከተበ ይሁን፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ በመጋዝ አይቁረጥ፤ ብናኙ ፊት ላይ ይረጫል።

የጽዳት ክፍል፦
ውሻ የሚኖረው ምግብ ባለበት ነው። የቄራው ተረፈ ምርት ክፍት ሜዳ ላይ እየተጣለ፣ ገንዳው ክዳን ሳይኖረው ለቀናት እየሞላ፣ ስለ መርዝም ስለ መርፌም ማውራት ግማሽ ሥራ ነው። ክዳን፣ የቄራው ጉድጓድ ላይ አጥር፣ ከገበያ ቀን ማግሥት ገንዳን ባዶ ማድረግ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ግን ቅደም ተከተል ይጠበቅ። ውሾቹ ሳይከተቡ ምግቡ በድንገት ቢቋረጥ ወደ ሰፈር ውስጥ ይበተናሉ፤ መከተብም ይከብዳል። በመርዝ የሞተ ሬሳ ደግሞ ከበሉት አሞራና ድመት ጋር ሌላ ችግር ያመጣል፤ ውሻ የሚገደልበት መርዝ፣ ስትሪክኒን፣ በሬሳው ሆድ ውስጥ ይቆያል። ሜዳ ላይ የቀረውን መርዝ ያለበት ጉርሻ ሕፃን ቢያነሳው ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

እንስሳት ወዳድ፦
ታዲያ ለምን አይመክኑም? ማምከን ቁጥሩንም ጠቡንም ይቀንሳል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ይቀንሳል፤ ግን በዓመታት ነው። አንዲት ሴት ውሻ ለመምከን ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ክፍል፣ ሐኪምና ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማቆያ ትፈልጋለች። አንድ ቡድን በአንድ ጠዋት ብዙ ውሾችን ሲከትብ በዚያው ጊዜ የሚያመክነው ጥቂት ነው። በዚህ በጀት በሽታውን ለማቆም መከተብ ይቀድማል። የሚመክን ካለ ሴቶቹ ይቅደሙ።

ደንብ አስከባሪ፦
የ10 ቀኑን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፤ የላብራቶሪው ወንድም ክርክር አሳምኖኛል። ጅምላ መርዝን ትቻለሁ። ሁለት ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ያበደ ውሻ ሌሊት ሲታይ ማን ይጠራል? ሰው መንከስ የለመደ መንጋስ ተከትቦ ይለቀቅ?

የእንስሳት ሐኪም፦
አይለቀቅም። ተደጋግሞ የነከሰ ውሻ በመረብ ይያዛል፤ የሚወስደው ባለቤት ከሌለ በፔንቶባርቢታል መርፌ ያለ ስቃይ ይሞታል። እኔ የምቃወመው መርጦ ማስወገድን ሳይሆን ጅምላውን ነው። ለሌሊቱ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ሁለት የተከተቡ ሰዎች፣ መረብ፣ ጫፉ ላይ ገመድ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ወፍራም ጓንትና የብረት ሳጥን ይበቃል።

አንድ ነገር ለጠባቂዎቹም ለሕዝቡም ይነገር። ያበደ ውሻ ሁሌ እየሮጠ አይናከስም። ጸጥ ብሎ የሚሞትም አለ፤ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ጩኸቱ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይሰዳል። አደገኛው ቅጽበት ይህ ነው። መዋጥ ያቃተውን ውሻ ማንም አፉን እንዳይከፍት።

የጤና መኮንን፦
የስልክ ቁጥሩን ስታስነግሩ የ15 ደቂቃውን እጥበት አብራችሁ አስነግሩ። በሽታው ከሚገድላቸው ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ እንዳይቆጡት ንክሻውን ይደብቃል። መልእክቱ በየትምህርት ቤቱ በሰልፍ ሰዓት ይነገር።

ደንብ አስከባሪ፦
እስማማለሁ፤ ግን ቆጠራውን የከተበው ቡድን ራሱ አይቁጠረው። ከዘመቻው ማግሥት ንጋት 12 ሰዓት ላይ የጤናና የደንብ ሰዎች ተጣምረው ይውጡ። ከአሥሩ ሰባት ያልሞላበት ሰፈር ስሙ ይጻፍ፤ ቡድኑ ክፍያውን ከመውሰዱ በፊት ወደዚያ ይመለስ።

የእንስሳት ሐኪም፦
ተስማምቻለሁ። ቀለሙ ሳይለቅ እንዲቆጠር ግን ከአንድ ቀን አይዘግይ፤ ዝናብ ከጣለም በዚያው ማታ ይውጡ።