ለድባቴ ሕመምተኛ የታዘዘ ስፖርት፦ ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው ይሆናልን?

ጠያቂ፦
ታናሽ ወንድሜ የድባቴ መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ ለ12 ሳምንት በአሠልጣኝ እየተረዳ ስፖርት እንዲሠራ የሪፈር ወረቀት ጽፎለታል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ እስካሁን ከትራሱ አጠገብ እንደ ታጠፈ ነው፤ እንኳን ስፖርት ሊሠራ፣ ፊቱን ሳይታጠብ እኩለ ቀን ያልፋል። እንዲህ ላለ ሰው ስፖርት ማዘዝ ተገቢ ነውን? መድኃኒቱንስ ሊተካ ይችላልን?

መልስ 1፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ መድኃኒቱን ሐኪሙ ሳያውቅ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 156 ሕመምተኞችን ለ16 ሳምንት ተከታትሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት የሠሩት ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ከወሰዱት ጋር ተቀራራቢ ለውጥ እንዳሳዩ አግኝቷል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ቶሎ የሠራ ሲሆን፣ ስፖርቱም የተሠራው ተቆጣጣሪ ባለበት ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙዎች ይዘሏታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴም መድረሻ እንጂ መነሻ አይደለም፤ ወንድምዎ በመጀመሪያው ሳምንት ጫማውን አጥልቆ እስከ በሩ ደርሶ ቢመለስ፣ እኔ እንደ ሙሉ ልምምድ እቆጥርለታለሁ።

መልስ 2፦
እኔ ወደ ጂም የተላክሁት ድንገት በሚነሣብኝ ብርቱ ጭንቀት ምክንያት ነበር። ትሬድሚሉ ላይ በወጣሁ በአራተኛው ደቂቃ ልቤ ሲደልቅና እጄን ሲያልበኝ ሕመሙ የመጣብኝ መስሎኝ፣ ፎጣዬን እንኳ ሳላነሣ ወጣሁ፤ ስለ እኔ ምንም ያልተነገረው አሠልጣኝም «ገና ሳትጀምሪ?» አለኝ። የተመለስኩት ሌላዋ አሠልጣኝ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ከመስታወቱ በራቀ ጥግ፣ አብራኝ በዝግታ መራመድ ስትጀምር ነው። ስለዚህ ማን እንደሚቀበለው አስቀድመው ይጠይቁ።

መልስ 3፦
ሊትየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎችም ካሉ፣ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ ስለ ውኃና ስለ ላብ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ከዚህ ሌላ 13ኛው ሳምንት አለ። እኔ 12ቱን ጨርሼ ማንም ሳይደውልልኝ በወሩ ወደ አልጋዬ ተመልሻለሁና፣ ከማን ጋር እንደሚቀጥል ከአሁኑ ያስቡበት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ዛሬ ዘርግቼ ባየው የአሠልጣኙ ስም እንኳ የለበትም፤ ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ። ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።