ተራ መጠበቂያው የመመገቢያ ጊዜ ይሁን፦ ከጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚደረግ የሥነ ምግብ ምዘና የዕቅድ ውይይት

አርቃቂው፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለሆስፒታሎች የምናቀርበው የጋራ ምክረ ሐሳብ ረቂቅ ይኸው። ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የጨጓራ ካንሰር ያለበት ሰው የሥነ ምግብ ሁኔታው የሚመዘነው ለቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ተኝቶ ሲገባ ሳይሆን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከጨጓራው ናሙና በተወሰደበት ቀን ይሁን። እጅግ የመነመነን ሰው ለማበርታት ከ7 እስከ 14 ቀን ያስፈልጋል። በዋዜማው ብናውቅ ግን በእጃችን ያለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ለመለኪያነት አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን አስቀድሜአለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ዶክተር፣ በቀኑ እስማማለሁ፤ አልቡሚኑን ግን ከፊት ያንሱት። የሚወርደው በምግብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ካንሰሩ የሚያስነሳው ብግነትም ያወርደዋል። በደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመተካት 20 ቀን ያህል ስለሚወስድ፣ ታካሚው ሳምንቱን ሙሉ በደንብ ቢመገብም ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም። በሌላ በኩል ለሳምንታት በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው አልቡሚኑ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በሊትር ከ30 ግራም በታች ሲሆን ቀዶ ሕክምናው አስጊ መሆኑን ይነግረናል፤ ምክንያቱን አይነግረንም። እኔ የማስቀድመው የክብደት መቀነስን ነው። በ6 ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው ዝርዝር ምዘና ይደረግለት፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ወይም የክብደትና የቁመት ምጣኔው ከ18.5 በታች ከሆነ አስቀድሞ በምግብ ሳይበረታ ወደ ቀዶ ሕክምና አይግባ።

ነርስ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል፦
አምስት በመቶ ለማለት መነሻው መታወቅ አለበት። «ከስድስት ወር በፊት ስንት ኪሎ ነበሩ?» ስላቸው ብዙዎቹ ተመዝነው አያውቁም። ስለዚህ ቀበቶዎ ስንት ቀዳዳ ጠበበ፣ ቀለበትዎ ይወልቃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የተሰፋ ቀሚሳቸውን ከወገባቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጨብጠው አሳዩኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ደግሞ ሚዛን ላይ ደህና ይመስላልና የክንድ ዙሪያም ይለካ።

የጾሙንም ነገር አደራ። በሁዳዴ 55 ቀናት የመጣ ታካሚ «የከሳሁት በጾም ነው» ይላል፤ እኛም አምነን እናልፋለን። መጠይቁ ይህን ለይቶ ይጠይቅ። ጾመኛውን ወተትና እንቁላል አዝዘንለት ብንሸኘው አይቀምሰውም። ለሕመምተኛ የሚደረገውን ከነፍስ አባቱ ጋር እንዲነጋገር እናበረታታው፤ እስከዚያው በምስር፣ በሽምብራና በኦቾሎኒ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ይጻፉልን።

የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከክልል ሆስፒታል፦
እኔን የሚያስጨንቀኝ መዘግየቱ ነው። ታካሚዬ ከሩቅ ወረዳ ነው የሚመጣው፤ «ሁለት ሳምንት በልተህ ተመለስ» ብለው ላይመለስ ይችላል። በዚያ ላይ የጨጓራው መውጫ የተዘጋበት ሰው የበላውን ሁሉ ያስመልሳል፤ ምክር አይጠቅመውም። የሚደማና የተበሳ ጨጓራም አይጠብቅም።

አርቃቂው፦
ልክ ነዎት፤ ድንገተኛዎቹን ከረቂቁ እናውጣ። ለተዘጋበት ሰው ከተዘጋው አልፎ ትንሹ አንጀት የሚደርስ የመመገቢያ ቱቦ ይታሰብ። ስለ መዘግየቱ ግን እንየው እስቲ፤ ታካሚው አልጋ እስኪያገኝ አሁንም ሳምንታት ይጠብቃል። እኛ የምንጠይቀው ባዶውን ያለፈው ያ ጊዜ ሥራ ላይ እንዲውል ነው።

የሰመመን ባለሙያ፦
አንድ ማስጠንቀቂያ ካልገባበት አልፈርምም። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያህል ያልበላን ሰው በአንድ ጊዜ ሙሉ ምግብ ብንሰጠው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ማዕድናት በደሙ ውስጥ ያሽቆለቁላሉ፤ ልብ ሊቆም ይችላል። ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ከምግቡ ይቅደም። ምግቡም በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢበዛ ከ10 ኪሎካሎሪ ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ 25 እና 30 ይደግ። ፎስፌት መመርመር በማይቻልበት ቦታ ይበልጥ ዝግ ይበል።

አርቃቂው፦
እንዳሉት በደማቁ ይጻፋል። አልቡሚኑን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ ክብደት፣ የምግብ አወሳሰድና የክንድ ዙሪያ ቀድመዋል። ሲስተር፣ የቀበቶውንና የጾሙን ጥያቄ በራስዎ ቃል እስከ ዓርብ ይላኩልን። በኢንዶስኮፒ ክፍል ማን ይመዝን የሚለው አልተቋጨም፤ ከዚያ ክፍል አንድ አባል ሳንጋብዝ ባንወስነው ይሻላል።