የሬቪት ፋይሌ እየተንቀራፈፈ ይዘጋብኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ጎንደር ነው። አዘዞ አካባቢ ለሚገነባ ጂ+7 ሆቴል በሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን መሥሪያ ሶፍትዌር) ዲዛይን እያዘጋጀሁ ነው። ፋይሉ 640 ሜጋባይት ደርሷል። የላፕቶፔ ራም 16 ጊጋባይት ነው።

መጀመሪያ ደህና ነበር። አሁን ግን ስሪዲውን ስከፍት ቡና አፍልቼ አቦሉን ጠጥቼ እስክመለስ ይቆያል። ትናንት ሴቭ ሳደርግ ሦስቴ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ፋይሉን ስከፍት ኦዲት የሚለውን፣ ማለትም የተበላሸ ነገር ፈትሾ የሚያስተካክለውን፣ መርጫለሁ። ፐርጅ አድርጌ የማልጠቀምባቸውን ፋሚሊዎች (እንደ በርና መስኮት ያሉ ዝግጁ ሞዴሎች) አጥፍቻለሁ፤ 90 ሜጋባይት ቀነሰ። ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ሬቪት የሞዴል ችግር ሲያገኝ የሚያወጣውን ዋርኒንግ ሳየው 1,100 አልፏል፤ አብዛኛው ተደራርቦ የተሠራ ግድግዳ ነው። አፈርኩ።

የምጠረጥረው ሳይት ፕላኑን ነው። ቀያሹ የሰጠኝን የኦቶካድ ፋይል ሊንክ ማድረግ (ከውጭ ማያያዝ) ሲገባኝ ኢምፖርት አደረግሁት፤ ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁት። ይባስ ብዬ ኤክስፕሎድ አድርጌ ወደ ተናጠል መስመሮች በተንኩት። ኮኦርዲኔቱም (የቦታው አድራሻ ቁጥር) እንዳለ ነው የገባው፤ የሰሜኑ ቁጥር ብቻ ወደ 1,390,000 ሜትር ነው። ሬቪት ከመነሻ ነጥቡ በጣም የራቀ መስመር እንደማይወድ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

የተበታተነውን መስመር አንድ በአንድ ሳልለቅም ማጽዳት ይቻላል? ወይስ ሕንፃውን ወደ አዲስ ፋይል ገልብጬ ሳይቱን ለብቻው ሊንክ ላድርግ? ራሙን 32 ባደርገውስ ለውጥ አለው? ብር ከማውጣቴ በፊት ብዬ ነው። ባለቤቱ ፕላኑን ሰኞ ይፈልጋል።