ሚልዋኪ ውስጥ ጥሩ የአርብ ዓሣ ጥብስ የት ይገኛል? በቢራ ሊጥ የተጠበሰውን ማለቴ ነው

ሜላት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከዳላስ ወደ ሚልዋኪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እዚህ ከተማ አርብ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓሣ ነው። መሥሪያ ቤት ከጠዋት ጀምሮ «ዛሬ የት ነን?» ይባባላሉ። መጠጥ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የጡረተኛ ወታደሮች ክበቡም ሳይቀር ደጁ ላይ «አርብ ዓሣ አለ» የሚል ሰሌዳ ያቆማል።

ለራሴ ቢሆን አንዱ ጋ ገብቼ እበላ ነበር። ችግሩ አጎቴ ከሐዋሳ መጥተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት አሞራ ገደል አጠገብ ነው። ለእሳቸው ዓሣ ማለት ከጀልባ ወርዶ፣ እዚያው ተጠርቦ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ በዳጣ የሚበላ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን ቤታችን አጠገብ ያለ አንድ ቤት ወሰድኳቸው። ሽፋኑ ሹካ ሲነካው እንደ ካፖርት ወለቀ። ዓሣው ውስጡ ውሃ አዝሏል። አጎቴ ሽፋኑን ወዲህ፣ ዓሣውን ወዲያ አድርገው ሳህኑ ላይ ለያዩትና «ልጄ፣ ሁለት ምግብ ነው ያዘዝሽልኝ?» አሉኝ።

እስቲ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ሁለት ልጆች ይዘን ነው የምንሄደው። አጎቴ ቢራ ይወዳሉ፣ እኔ አልጠጣም። የምንኖረው በደቡብ በኩል ኤርፖርቱ አካባቢ ነው፣ መኪና ግን አለኝ። የዓሣውንም ነገር አስረዱኝ። ሜኑው ላይ ኮድ፣ ፐርች፣ ዎልአይ፣ ሃዶክ ይላል። ለእኔ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው።

ሚኒሶታው፦

እህቴ፣ አምስት ሰዓት ያህል ንጂና ሚኒያፖሊስ ነይ። ዎልአይ የሚባለው የሐይቅ ዓሣ የሚበላው እዚህ ነው። አጎትሽም የሚያጫውታቸው ሐበሻ አያጡም።

ጠባሹ፦

ሚኒሶታው፣ ልጅቷ የጠየቀችው እራት ነው፣ አንተ ጉዞ ታዝላታለህ። ዎልአያችሁን ግን አልነካም።

ሜላት፣ እኔ እዚሁ ከተማ ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው። አርብ ማታ ዓሣ መጥበሻው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ከምመክርሽ ቤቶች መሃልም የኔ የለበትም።

ከቤቱ በፊት ቀኑን ያዢ። በሌላ ቀን በሜኑ ላይ ብታገኚውም ተዪው፣ አርብ ብቻ ብዪ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰው ዓሣ ሲያዝ፣ ዓሣው የሚገባው የዶሮ ክንፍና ድንች ሲጠበስበት የዋለ ዘይት ውስጥ ነው። ሊጡም ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠ እንጃ። አርብ ግን መጥበሻው ለዓሣ ብቻ ይለቀቃል፣ ዘይቱ አዲስ ነው፣ ሊጡ ሲያልቅ ሲያልቅ ነው የሚበጠበጠው፣ የወጣው ዓሣም ማሞቂያ መብራት ሥር ቆሞ አይጠብቅም። ሰው የሚጋፋበት ቤት የሚጣፍጠው በዚህ ነው። የምግብ አሠራር ምስጢር ምናምን የሚሉሽን አትስሚ።

ያ የወለቀው ሽፋን ምን ሆኖ እንደሆነ ልንገርሽ። ዓሣው ከበረዶ በደንብ አልተፈታም፣ ወይም ሳይደርቅ ሊጥ ውስጥ ገብቷል። እኛ መጀመሪያ በወረቀት እናደርቀዋለን፣ ቀጥሎ ደረቅ ዱቄት እናስነካዋለን፣ ከዚያ ነው ወደ ሊጡ የሚሄደው። ይሄ ካልተደረገ ውሃው እንፋሎት ይሆንና ሽፋኑን ከሥጋው ይገፋዋል። ሁለተኛው ጥፋት የዘይቱ ሙቀት ነው። 190 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆን አለበት። የቸኮለ ሰው ብዙ ዓሣ ባንዴ ሲጨምርበት ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሊጡ መጠበሱን ትቶ ዘይት ይመጥጣል።

ቢራው ደግሞ ለስም የገባ አይደለም። ጋዙ ዘይት ውስጥ ሲሞቅ ያብጥና ሊጡን ሽንቁርቁር ያደርገዋል። አልኮሉ ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ሽፋኑ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ያለው ዓሣ ከልክ በላይ ሳይበስል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቢራው ከፍሪጅ እንደወጣ የሚጨመረው። ከሞቀና ጋዙ ከጠፋ ምንም አይሠራም።

አሁን ወደ ዓሣው። ኮድ የውቅያኖስ ዓሣ ነው፣ ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ የለም። ወፍራም ነው፣ በሹካ ሲነካ በትልልቁ ይፈረካከሳል። የቢራ ሊጥ የሚያምርበት እሱ ነው። ሃዶክ የእሱ ዘመድ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ፐርች ትንሽ የሐይቅ ዓሣ ነው። የዚህ ከተማ ሽማግሌዎች ዓሣ ሲሉ እሱን ማለታቸው ነው። ድሮ ከዚሁ ከሚሺጋን ሐይቅ ነበር የሚመጣው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ ቁጥሩ ክፉኛ ወረደና በ1996 ዊስኮንሲን ሐይቁ ላይ ለንግድ ማጥመዱን ዘጋች። አሁን ብዙው የሚመጣው በካናዳ በኩል ካለው ከኤሪ ሐይቅ ነው። ለዚህም ነው ከኮድ የሚወደደው።

ፐርችን በቢራ ሊጥ አትዘዢው። ሥጋው ስስ ስለሆነ ሊጡ ይውጠዋል፤ የምትበዪው ዱቄት ይሆናል። ጥሩ ቤቶች በስሱ ዱቄት ወይም የዳቦ ፍርፋሪ አልብሰው ነው የሚጠብሱት። ጥያቄሽ ስለ ቢራ ሊጥ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የሐይቅ ሰው ከሆኑ ለአጎትሽ ፐርች እዘዢላቸው። ለራስሽ ኮድ። ከዚያ መቀማመስ ነው።

ቤቶቹ፦ እኔ ብሆን መጀመሪያ ኬግልስ ኢን እወስዳቸዋለሁ። ዌስት አሊስ፣ ናሽናል አቬኑ ላይ ነው፤ ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ከ1924 ጀምሮ ያለ የጀርመኖች ቤት ነው። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳሉ ሥዕሎች አሉ፣ እንጨቱ ጠቆር ያለ ነው፣ አዛውንት ሰው ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ቤት ነው። እዚያ የተጠበሰ ድንች እንዳታዢ። የድንች ፓንኬክ በሉ። ከተፈጨ ፖም ጋር ነው የሚመጣው። ፖም ከድንች ጋር ምን አገናኘው ትዪ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ አሁን ሁለት ጊዜ ካልጨመሩልኝ እከፋለሁ።

ልጆቹ የሚያስቸግሩ ከሆነ ሌክፍሮንት ቢራ ፋብሪካ ይሻላችኋል። ወንዙ ዳር፣ ድሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። አርብ ማታ የፖልካ ባንድ ይጫወታል፣ አኮርዲዮኑ ያስተጋባል፣ ልጆች መሃል ገብተው ይዘላሉ፣ ማንም አይቆጣም። ቢራው እዚያው የሚጠመቅ ነው። ኒው ግሪስት የሚሉት አንዱ ቢራቸው ከማሽላና ከሩዝ የተሠራ ነው፤ አጎትሽ ማሽላ ሲባሉ ሳይቀምሱ የሚወጡ አይመስለኝም። ግን ጫጫታ ነው። ወሬ ለማውራት ከሆነ አትሂዱ።

በሦስተኛ ደረጃ ሠርድ ዋርድ የሚባለው ሰፈር ያለው የሕዝብ ገበያ። ሴንት ፖል ፊሽ ካምፓኒ የሚባል ዓሣ ሻጭ አለ። ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሮ ይታያል። አጎትሽ የዓሣውን ዓይን አይተው መፍረድ የሚወዱ ከሆነ ከምግቡ በፊት እዚያ አዙሪያቸው።

በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚቀርበው ዓሣ ደግሞ በካቶሊኮች ጾም ወቅት፣ ከፋሲካቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ነው የሚበዛው። በወረቀት ሳህን፣ በረጅም ጠረጴዛ፣ ከማታውቂው ሰው ጎን። ዓሣው እንደ ዕድልሽ ነው። ሰዉ ግን ደስ ይላል።

አጎትሽ «ለምን አርብ?» ማለታቸው አይቀርም። ድሮ እዚህ የሰፈሩት ጀርመኖችና ፖላንዶች ብዙዎቹ ካቶሊኮች ስለነበሩ አርብ ሥጋ አይበሉም። ሐይቁ አጠገባቸው፣ ዓሣው ርካሽ። ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ሲከለከል ደግሞ መጠጥ ቤቶቹ ደንበኛ ላለማጣት በምግብ ያዙት፣ ከምግቡም ዓሣው ቀረ። በ1966 የአሜሪካ ጳጳሳት ከዐቢይ ጾም ውጭ ያለው የአርብ ሥጋ ክልከላ ግዴታ መሆኑን አነሱ። ሚልዋኪ ግን ዓሣዋን አልተወችም።

ከ10 ሰዓት ተኩል (በዚህ አገር 4፡30) በፊት ድረሱ። ከዚያ ካለፈ ስም አስመዝግቦ ባሩ ጋ መጠበቅ ነው። እዚያ ሰዉ ሁሉ የሚጠጣው ብራንዲ ኦልድ ፋሽንድ ነው፤ ብራንዲ፣ ስኳር፣ ብርቱካንና ቼሪ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ። ጣፋጭ መስሎ ይመታል፣ አጎትሽን አንድ ይብቃዎት በያቸው። ከዓሣው ጋር የሚቀርበውን ታርታር ሶስ ግን ይቅርታ፣ እኔ አልወደውም። ኪሴ ውስጥ ሚጥሚጣ ይዤ ነው የምገባው። እናንተ ዳጣ በትንሽ ጠርሙስ ያዙ፣ ማንም ምንም አይላችሁም።

እኅተ ማርያም፦

ጠባሹ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አፌን በምራቅ ሞላኸው። ግን አርብ ጾም መሆኑን ሁላችሁም ረሳችሁት? ዓሣ በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፣ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርሰው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዓሣውን የሚበላ ሰው ቢሆንስ፣ ሊጡ ውስጥ እንቁላልና ወተት የለበትም? ጎረቤቴ ምንም የለውም ብላ ስትበላ አይቻለሁ፣ አላመንኳትም።

ጠባሹ፦

ላለማመንሽ ምክንያት አለሽ። የቢራ ሊጥ በጣም ቀላሉ ዱቄት፣ ቢራ፣ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር ነው። ግን እንቁላል የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። በዳቦ ፍርፋሪ የሚጠበሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እንቁላል ወይም ወተት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለጾመኛ የቢራ ሊጡ ነው የሚሻለው፣ ያውም ጠይቆ።

ዓሣውን ብታልፊ አጃቢው ይጠብቅሻል። የጥቅል ጎመኑ ሰላጣ ማዮኔዝ አለው፣ ታርታሩም እንዲሁ። ማዮኔዝ ማለት እንቁላል ነው። የድንች ፓንኬኩም እንቁላል አለው። ጠቆር ያለው ራይ ዳቦ ቅቤ ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል። ዘይቱንም ጠይቂ፤ በከብት ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። አስተናጋጇ ካላወቀች «ኩሽና ጠይቂልኝ» በያት፣ እኛ አንቆጣም። ማለቴ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከሆነ አንቆጣም።

ሁሉም ከከበደሽ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጠብቂ። በበዓለ ሃምሳ አርብም አይጾምም፣ እኔም እናቴን የወሰድኳት ያን ጊዜ ነው። የድንች ፓንኬኩን ከነፖሙ ጨረሰችው።

ከድር፦

እኛስ? ቢራ የገባበት ለኛ አይሆንም። ተኗል ቢሉኝም አልበላም። እኔ የማደርገው በምጣድ ወይም በኦቨን የተጋገረውን ኮድ ማዘዝ ነው፣ ብዙ ቤት አለው። በዱቄት ብቻ የተጠበሰ ፐርችም አለ፣ ግን የቢራው ሊጥ ከሚገባበት ዘይት ጋር አንድ መሆኑን መጠየቅ ነው። የተጋገረው ላይ ሎሚ ብዙ ይጨመርበት እንጂ ካልሆነ ሆስፒታል የተኛህ ይመስልሃል።

ሜላት፦

ከድር ገደልከኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። ጠባሹ፣ ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ከሁሉም የያዙት ስለ ዘይቱ ያልከውን ነው፤ «ይሄ ልጅ ሥራ ያውቃል» ብለዋል። የሚቀጥለው አርብ ኬግልስ እንሄዳለን። ሌክፍሮንት ለልጆቹ ሌላ ቀን ይሁን፣ አጎቴ ፖልካውን ሲሰሙ ተነስተው ይጨፍራሉ ብዬ ፈራሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ባለቤቴ ማታ ሥራ ነው። ለእሱ ይዤለት ብመጣ ይበላል ወይስ ያው ወላቂ ካፖርት ይሆናል?

ጠባሹ፦

ይበላል፣ ግን ሳጥኑን አትዝጊው። ዓሣው እንፋሎት ያወጣል፣ ክዳኑ ከተዘጋ እንፋሎቱ ተመልሶ ሽፋኑን ያረጥበዋል። መኪና ውስጥ ክዳኑን ክፍት አድርጊው፣ መኪናው ይሸታል፣ ቻዪው። ጎመኑንና ታርታሩን ለብቻ ያዢ። ቤት ስትደርሺ ማይክሮዌቭ አይነካው። ኦቨኑን 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቂና ፍርግርግ ላይ አድርጊው፣ ከሥሩም አየር እንዲያገኝ። ሳህን ወይም ትሪ ላይ ካስተኛሽው ሥሩ ይላቁጣል። ስምንት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ኮድ ውሰጂለት፣ ፐርች ሁለተኛ ሲሞቅ ይደርቃል።

ለአርቡ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ሰዓታቸውን አረጋግጪ። ከልጆች ጋር መሆንሽንም ንገሪያቸው።