ገና በሜልቦርን ሙቀት፦ ከደሴ ምን እንላክ፣ እዚያስ እንዴት ይሠራ?

የሸዋ በር ልጅ፦

እንዴት ናችሁ ወገኖች። እህቴ ሜልቦርን ከገባች ስድስት ወሯ ነው፤ ገናን ከቤተሰብ ተለይታ ስታከብር የመጀመሪያዋ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደዚያ የሚሄድ የምናውቀው ሰው ስላለ እናታችን በርበሬ፣ ሽሮ፣ የነጠረ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ትንሽ ቋንጣና አንድ ጀበና ልትልክላት አስባለች። የኤሌክትሪክ ምጣድም ይሂድላት የሚል አለ። ከእነዚህ የትኛው ያልፋል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሙቀቱ ነው። እዚህ ታኅሣሥ ላይ በጋቢ ተጠቅልለን ነው የምናድረው፤ እዚያ ግን 35 እና 38 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ሊጡ በአንድ ቀን ይኮመጥጥባታል፣ እንጀራው በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ዶሮውንና ድፎውን በምን ዘዴ ታድርገው? መሥሪያ ቤቷም ታኅሣሥ 29ን አያውቀውም። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ቦርከና፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ቅቤውንና ቋንጣውን ከሻንጣው አውጡ። አውስትራሊያ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ካለባቸው አገሮች የቤት ቅቤና ሥጋ በሻንጣ አታስገባም፤ የእኛ አገር ደግሞ በሽታው ያለበት ነው። ቅቤው ነጥሯል፣ ቋንጣው ደርቋል ማለት አያድነውም። አይብም እንደዚያው።

በርበሬና ሽሮ በደንብ ከተያዙ ብዙ ጊዜ ችግር የለባቸውም። የሚያስይዛቸው ነቀዝ፣ አፈርና ያልተፈጨ ዘር ነው። በሶብላው ከነዘሩ፣ ኮረሪማው ከነልጡ፣ ጥቁር አዝሙዱም ሳይፈጭ ከሄደ «ሊበቅል ይችላል» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ፈልፍላችሁ፣ አምሳችሁ፣ አስፈጭታችሁ ላኩ። በርበሬው ከወፍጮ ሲመጣ ትኩስ ስለሆነ ወዲያው አትሰሩት፤ እንፋሎቱ ላስቲኩ ውስጥ ወደ ውሃነት ይለወጥና ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አብርዱ፣ በወንፊት ንፉ፣ ከዚያ በድርብ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ አሽጉ። በየጥቅሉ ላይ ምን እንደሆነና ከምን እንደተሠራ በእንግሊዝኛ ጻፉበት። የፋብሪካ እሽግ ያለው ከተገኘ ደግሞ ፍተሻው ይቀልላል። ቡና ተቆልቶ ይሂድ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጹ ነው። አውሮፕላን ውስጥ በሚሞላው የመግቢያ ካርድ ላይ ምግብ፣ ቅመምና የዕፅዋት ውጤት መያዙን ተሸካሚው «አዎ» ብሎ መሙላት አለበት። አሳውቆ የተከለከለ ዕቃ ቢገኝበት ዕቃው ይወሰዳል እንጂ አይቀጣም። ሳያሳውቅ ከተገኘበት ግን እዚያው ገንዘብ ይቀጣል፤ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ከሆነ ቪዛውም ሊሰረዝበት ይችላል። «ዕቃው የእኔ አይደለም፣ የሰው አደራ ነው» የሚል መልስ አይሠራም፣ በሻንጣው ላለው ሁሉ ተጠያቂ እሱ ነው። ስለዚህ የላካችሁትን አንድ በአንድ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። የማያውቀውን ጥቅል በዕቃው መሃል መሸጎጥ በሰው ላይ ግፍ ነው።

ጀበናው አዲስ ይሁን፤ አፈርና ጥቀርሻ የሌለው፣ ታጥቦ የደረቀ። ውስጡን በጨርቅ ሙሉት፣ አንገቱ ነውና ቀድሞ የሚሰበረው እሱን ለብቻ ጠቅልሉት። ስፌት፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ ከላካችሁ እነሱም የሣር ሥራ ስለሆኑ ቅጹ ላይ ይገባሉ።

ምጣዱን ተዉት። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። የእዚያ አገር ተራ ሶኬት 10 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 2,300 ዋት ማለት ነው። ወይ ቆጣሪው ይጠፋል፣ ወይ ሶኬቱ ግሎ ይቀልጣል። የቮልቱ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። እዚያው በሶኬቱ ልክ የተሠራ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ብትገዛ ይሻላታል፤ ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈርም የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ስለሆነ የተጋገረ እንጀራ ታገኛለች።

የመናፈሻዋ፦

ልጄ፣ ስለ ሊጡ እኔ ልንገርህ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ 1,850 ገደማ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ የሊጡ ጊዜ ይለወጣል፦ ደሴ ሦስት ቀን የሚፈልገው ኮምቦልቻ በሁለት ይደርሳል። በ35 ዲግሪ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል አይሞላም። እህትህ የደሴን ቀን እየቆጠረች ከሆነ የሚኮመጥጥባት ለዚያ ነው። ሊጥ ከልክ በላይ ሲቦካ ኃይሉ ያልቅና ሲጋገር ዓይን አያወጣም፣ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል።

እንዲህ ታድርግ። ለ1 ኪሎ ጤፍ ዱቄት እርሾውን በግማሽ ትቀንስ፣ የምታቦካበት ውሃ ከፍሪጅ የወጣ ይሁን። ዕቃውን ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ብዙ ጊዜ መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ፣ በርጥብ ፎጣ ሸፍና ታስቀምጥ። በ20ኛው ሰዓት ላይ ትየው፤ ውሃው ከላይ ከጠለለና ሽታው ደስ የሚል ከሆነ ደርሷል። ውሃውን አፍስሳ አብሲቱን ትጨምር። ከአብሲቱ በኋላ ያለው ኩፍታ እዚህ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ እዚያ ከ40 ደቂቃ አያልፍም፤ አጠገቡ መቆም ነው። መጋገር ካልቻለች ሊጡን ፍሪጅ ታስገባው፣ እስከ ማግስቱ ይቆይላታል። የተጋገረው እንጀራ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አይታጠፍ፣ በላስቲክም አይታሰር። ለሁለት ቀን ከሚበላው በላይ ያለውን አምስት አምስት አድርጋ በበረዶ ቤት ትክተት።

ዶሮው ላይ ሰው የሚሳሳተው የሱቁን ዶሮ እንደ ሐበሻ ዶሮ ሲያየው ነው። የሱቁ ጫጩት ነው፤ ሥጋው ከ40 ደቂቃ በላይ ከበሰለ ከአጥንቱ ተለይቶ ወጡ ውስጥ ይበተናል። እንቁላል ጥላ ያበቃች አሮጊት ዶሮ ለይታ ከሥጋ ቤት ካዘዘች ግን ሁለት ሰዓት ትችላለች፣ ጣዕሟም የዶሮ ነው። አንድ ሳምንት አስቀድማ ትዘዝ። 12ቱን ብልት ማውጣት ካላወቀች ሙሉውን ትግዛ፤ ተቆራርጦ የሚሸጠው በማሽን ስለሆነ አጥንቱን ይፈጨዋል።

ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ የተላጠ ቀይ ሽንኩርት፣ ከ150 እስከ 200 ግራም በርበሬ፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና 12 እንቁላል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ውሃው እስኪመጥ ድረስ እየተማሰለ ይብሰል፤ አንድ ሰዓት ቢወስድም አትቸኩል። ውሃው ሳይመጥ በርበሬ ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ የቱንም ያህል ቢከለስ አይመለስም። ቁሌቱን በዘይት ብቻ ታኅሣሥ 27 ማታ፣ ቀኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ጨርሳ ዝርግ ዕቃ ላይ ታብርደው፤ በድስቱ እንዳለ ከተተወ መሃሉ እስኪበርድ ሌሊቱ ያልፍና ይጎመዝዛል። ከዚያ ፍሪጅ። ቅቤው፣ ዶሮውና እንቁላሉ የሚገቡት በዋዜማው ነው። ጾም ስለሆነ አትቀምስምና ጨውን በሚዛን፣ 25 ግራም ገደማ አድርጋ፣ የቀረውን ስትፈታ ቀምሳ ትሙላው።

ደሴ ዶሮ ወጥ ድስቱ ላይ ማሳደር የተለመደ ነው። እዚያ እንዳታደርገው! በሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ወጥ ይደፋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ የገባ ብቻ ነው ለነገ የሚሆነው።

ድፎው፦ 1.5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ፣ 25 ግራም ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ። እርሾው እዚህ 10 ግራም ከሆነ እዚያ 5 ይበቃዋል። የኮባ ቅጠል ካጣች በእስያ ሱቆች የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል አለ፤ አቅልጣ፣ ጠርጋ፣ ምድጃ ላይ ለብለብ ታድርገው፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይቀደዳል። 180 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል። ጎህ ሳይቀድ ትጋግር፤ ቀን 38 ዲግሪ ላይ ምድጃ ከለኮሰች ቤቱ እስከ ማታ አይበርድም። ዳቦው መሃሉ ከሰጠመባት ሊጡ ከልክ በላይ ስለቆየ ነው፣ ምድጃው አይደለም ጥፋቱ።

ሐረጎ፦

ለቡናው አንድ ነገር ልጨምር። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አይቀጣጠል፤ ሙቀቱን ለመከላከል መስኮት ዘግተው ማቀዝቀዣ የሚከፍቱበት ወቅት ስለሆነ የከሰሉ አየር አፍኖ ይገድላል። ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ እሳት ፈጽሞ የተከለከለበት ቀን ተብሎ የሚታወጅ አለ፤ ደረቅ ነፋስና ሙቀት ሲገጥሙ ነው። በዚያ ቀን የከሰል ምድጃ ማንደድ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከዋዜማው ማታ ጀምራ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ትይ። ከታወጀ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ መቁላት ነው። ሲቆላም ሆነ ዕጣን ሲጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ ከሱ ርቃ፣ መስኮት ከፍታ፣ የምድጃውን አየር መሳቢያ አብርታ። ባትሪውን ግን አታውጣው።

ጦሳ ማዶ፦

ስለ ፈቃዱ፦ ገና በፈረንጅ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ቀን ነው። በእኛ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል፤ 2016 ላይ 28 ነበር፣ 2020ም እንደዚያው ይሆናል። ስለዚህ ለአለቃዋ የምትሰጠው ቀን የፈረንጁ ይሁን፣ አያሳስትም። እዚያ ብዙ መሥሪያ ቤት ከእነሱ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ይዘጋና ሠራተኛውን ከዓመት ፈቃዱ ያስቆርጣል። የሐበሻ ልጆች ለራሳቸው ገና ቀን የሚያጡት በዚህ ነው። ኅዳር ላይ፣ ጾሙ በ15 ሲገባ፣ ጥያቄዋን በጽሑፍ ታስገባ። የእነሱን የበዓል ቀን ሠርታ በገና ለመለዋወጥም ከአሠሪዋ ጋር መስማማት ትችል እንደሆነ ትጠይቅ። የመሥሪያ ቤት ግብዣዎቹ ሁሉ በ43ቱ የጾም ቀናት ውስጥ ስለሚወድቁ ሥጋ እንደማትበላ አስቀድማ ብትናገር ጥብሱ ፊት ከመግደርደር ትድናለች።

የሰዓቱ ልዩነት በበጋቸው 8 ሰዓት ነው። ፐርዝ ቢሆን 5፣ ብሪዝበን 7። ደሴ በገና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትደውሉ እሷ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እናንተም ከቅዳሴ ገብታችሁ ፈትታችሁ፣ እሷም ከእንግዶቿ ጋር ሆና፣ ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ይሄ ነው። የላሊበላው ቤዛ ኩሉ በቴሌቪዥን ሲተላለፍም እዚያ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቀጠሮ ስትይዙ «በደሴ ሰዓት» ወይም «በሜልቦርን ሰዓት» በሉ፤ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መሃል ስድስት ሰዓት ስለሚጨመር ብዙ ሰው በሌሊት ይቀሰቀሳል።

ለቅዳሴ ስትሄድ ጋቢ ትያዝ። ሜልቦርን ቀን 38 ሆኖ ማታ የደቡብ ነፋስ ከገባ በጥቂት ሰዓት ከ20 በታች ይወርዳል፤ ነጠላ ብቻ ይዞ ያደረ ይንቀጠቀጣል። እህትህ ለእናትህ የበዓል ገንዘብ የምትልክ ከሆነም ባንክ በገና ዝግ ነውና ከታኅሣሥ 25 በፊት ይድረስ። የእናትህ ስም በእንግሊዝኛ መታወቂያው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ አንድ ፊደል ከተለየ አይከፍሉም።

የሸዋ በር ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ምጣዱና ቅቤው ቀርቷል። እማማ፣ ቅቤውን እዚያው ታንጥር ካልን በስንት ልክ? ደግሞ አብረዋት የሚኖሩት ሁለቱ የከሚሴ ልጆች ሙስሊም ናቸው፤ በበዓሉ ቀን አብረው እንዲቀመጡ ትፈልጋለች።

የመናፈሻዋ፦

ጨው የሌለበት ቅቤ 1 ኪሎ፣ ማለት ባለ 250 ግራሙ አራት። ሲነጠር 800 ግራም ያህል ይወጣዋል፤ የቀረው ውሃና አጓት ነው። በለስላሳ እሳት አቅልጣ አረፋውን ትግፈፍ፣ ከዚያ 2 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ 2 ኮሰረት፣ 2 በሶብላ፣ 1 አብሽ፣ ግማሽ እርድ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ለአርባ ደቂቃ፣ መንጨርጨሩ እስኪቆምና ከታች ጥርት ብሎ እስኪታይ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ በደረቅ ጠርሙስ። ነጭ ሽንኩርቱ ሳይጠለል ውስጡ ከቀረ ወይም ጠርሙሱ እርጥብ ከሆነ በዚያ ሙቀት በሳምንቱ ይሸታል። ኮሰረቱን ከእናንተ ዘንድ አስፈጭታችሁ ላኩላት፣ እዚያ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።

ለከሚሴዎቹ እዚህ ቤት እንደሚደረገው ነው። የእነሱ ሥጋ ሐላል ሥጋ ቤት ተገዝቶ፣ ራሳቸው በራሳቸው ድስት ይሥሩት፤ ማማሰያና ቢላውም ለየብቻ። ዶሮው እንደ ገና ዶሮ፣ የእነሱም እንደነሱ ሆኖ በሁለት ትሪ ይቀርባል። ድፎው፣ ሰላጣው፣ ቡናው የጋራ ነው፤ ስለዚህ ድፎው ሥጋ የነካው ዕቃ ላይ አይጋገር፣ እንጀራውም ወጥ ሳይነካው ለየብቻ ይቆረስ። ከድፎው መጀመሪያ ቆርሳ ለእነሱ ትስጥ።