ሐሬ መሃሉ አልያዝ አለኝ

ጅማ ነው የምኖረው። የጉሎ ቅጠል ከሚበላው ትል የተገኘ ያልተፈተለ ሐር አለኝ፤ 200 ግራም ይሆናል። ሳልፈትል፣ ሳልሸምን ጨርቅ ላደርገው ነው። ሐር እንደ በግ ጸጉር በሳሙናና በማሸት ብቻ አይያያዝም፤ ማጣበቂያ ይፈልጋል።

በሁለት የአጎበር ቁራጭ መካከል በሦስት ድርብ አነጠፍኩት፤ በቁመት፣ በአግድም፣ እንደገና በቁመት። በሳሙና ውሃ አራስኩት። ከዚያ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በአራት እጅ ውሃ በጥብጬ ከላይ ቀባሁ። በዚህ ክረምት ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጀ።

አጎበሩን ሳነሳ ዳሩ እንደ ካርቶን ደርቋል። መሃሉን ግን ኮላው አልነካውም፤ እንደ ባዘቶ ይለያያል። ያ ውብ አንጸባራቂነቱም ደበዘዘ፤ በጣም ነው ያሳዘነኝ። በሁለተኛው ሙከራ ኮላውን አወፈርኩት፤ ባሰበት።

ሐሩን እንደ ካርቶን ሳያደርቀው ኮላው እስከ መሃል እንዲዘልቅ ምን ላድርግ?