ከቴሌስኮፕ ወደ ሰሌዳ፦ ትርፍ ነው ኪሳራ?

(ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በአዲስ አበባ በሚኖሩበት ሰፈር ስም ነው።)

ቱሉ ዲምቱ፦ እስቲ እንከራከር። እንጦጦ ተራራ ላይ ባለው የኮከብ መመልከቻ ማዕከል ሲመራመር የቆየ የፊዚክስ ዶክተር እዚህ እኛ ሰፈር ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ቢያስተምር፣ ሀገር ታተርፋለች ወይስ ትከስራለች? እኔ ታተርፋለች ባይ ነኝ። ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመደብ በተባለበት ዘመን ስንቱ ልጅ ሳይወድ ፊዚክስ ገባ! ቀመር ሸምድዶ የወጣው ብዙ ነው። የኮከብ ብርሃን ራሱ ለክቶ የሚያውቅ መምህር ቢያገኙ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ሽሮ ሜዳ፦ አልስማማም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች ሁለት አሉ። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል። የሚሠራበትን ሰው ማፍራት ግን ዓመታት ይፈጃል። እሱ ሲወርድ ማን ይተካዋል?

አያት፦ የሚተካውማ ክፍል ውስጥ ነው ያለው! ካልተማረ ከየት ይመጣል? ደግሞ ምርምሩን ለምን ይተዋል? ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እንጦጦ ይውጣ።

ሽሮ ሜዳ፦ ወንድሜ፣ በክረምት እንጦጦ ላይ ምን ይታያል? ደመና ነው። ሰማዩ የሚጠራው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ያኔ ደግሞ ትምህርት ተጀምሯል። (የከተማው መብራት ሰማዩን ማደብዘዙ ሳይቆጠር ነው።) ሌሊቱን ሲለካ አድሮ ጠዋት 2 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ሊገኝ ነው? ከከተማው ሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ እኮ ነው! እርማቱ አለ፣ ተመራቂ ማማከሩ አለ፣ ስብሰባው አለ።

ቱሉ ዲምቱ፦ የክረምቱን ነገር ልክ ብለሃል። ግን ሥራው መመልከት ብቻ አይደለም። በበጋ የተነሣውን ምስል በክረምት ኮምፒውተር ላይ ይተነትነዋል፤ ደመና አያግደውም። በበጋው ሴሚስተር ኮርስ ይቀነስለትና ተማሪዎቹን ይዞ ይውጣ።

ኮዬ ፈጬ፦ እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኮርስ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሞተው ምርምር ነው። ተው የሚልህ የለም፤ ጊዜው ራሱ ያልቅብሃል። ከረዳት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ልደግ ስትል ግን የታተመ ሥራህን አምጣ ትባላለህ። ቢሆንም ይምጣ እላለሁ፤ ልጆቹ በጣም ይፈልጉታል። ብቻ ከመፈረሙ በፊት ስንት ኮርስ እንደሚይዝ፣ የእንጦጦ ሌሊቶቹም እንደ ሥራ እንደሚቆጠሩለት በጽሑፍ ያስይዝ።

አያት፦ ደሞዙስ?

ኮዬ ፈጬ፦ ለደሞዝ ብሎ ከሆነስ አይልፋ።

ሽሮ ሜዳ፦ በጽሑፍ ካስያዘ እኔም ይሂድ እላለሁ። በቃል ብቻ ከሆነ ግን እዚያው እንጦጦ ይቆይ።